የጡረተኛው መድኅን ድንበር ሲሻገር

በአሜሪካ ለረጅም ዘመን ሠርተው ጡረታ የወጡ ወገኖቻችን አገር ቤት ገብተው ለመኖር ሲያስቡ፣ ከሚያስጨንቋቸው ጥያቄዎች አንዱ «ብታመም ማን ይከፍልልኛል?» የሚለው ነው። ጥያቄው የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ጠጋ ብለን ስንመረምረው ግን የፕሮባቢሊቲና የምጣኔ ሀብት ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን።

እ.ኤ.አ. በ1965 በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ፊርማ ሕግ የሆነው ሜዲኬር፣ በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች የቆመ የመንግሥት የጤና መድኅን ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ሠርቶ ግብሩን የከፈለ ሰው፣ ሆስፒታል ተኝቶ መታከምን የሚመለከተውን ክፍል ኤ ያለ ወርኃዊ ክፍያ ያገኛል። የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምናን የሚሸፍነው ክፍል ቢ ግን ዓረቦን ይጠይቃል፤ መደበኛው መጠን እ.ኤ.አ. በ2025 በወር 185 ዶላር ነበር። ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። ስለዚህ አዲስ አበባ የሚኖር ጡረተኛ ዓረቦኑን ሳያቋርጥ ቢከፍል እንኳ፣ እዚህ የታመመ ዕለት የሚያወጣው ከራሱ ኪስ ነው። የጡረታ አበሉ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሲከተለው መድኅኑ ከወዲያ ይቀራል። አንዳንድ ተጨማሪ የግል መድኖች በውጭ አገር ለሚያጋጥም ድንገተኛ ሕክምና 80 በመቶ ይከፍላሉ፤ ይሁንና ጉዞው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት፣ ያውም በዕድሜ ልክ ከ50,000 ዶላር ሳያልፍ ነው። ይህ ለእንግዳ እንጂ ጓዙን ጠቅልሎ ለገባ ሰው አይሆንም።

«ታዲያ የማልጠቀምበትን ለምን እከፍላለሁ?» ብሎ ክፍል ቢን መተው ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው ሰውየው ከዓመታት በኋላ ለሕክምና ሲመለስ ነው። ሳይመዘገብ ባለፈው በእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት ዓረቦኑ ላይ 10 በመቶ ይጨመርበታል፤ ጭማሪውም ክፍል ቢን እስከያዘ ድረስ አይነሣለትም። እስቲ እናስላው። ዓረቦኑ በ185 ዶላር ቢጸና፣ 5 ዓመት የተወ ሰው 11,100 ዶላር ያተርፋል። ሲመለስ በወር 92.50፣ በዓመት 1,110 ዶላር ተጨማሪ ይከፍላል። ትርፉ የሚያልቀው በ10 ዓመት ነው። አንባቢ በ5 ፋንታ 3 ወይም 8 ዓመት ቢያስገባ ውጤቱ ያው 10 ይሆናል። በዚህ ስሌት ብቻ ከሄድን ቅጣቱ እንደሚፈራው አይከብድም።

ከባዱ ሌላ ነው። በልዩ ሁኔታ ካልሆነ በስተቀር እንዲህ ያለ ሰው የሚመዘገበው በየዓመቱ ከጥር 1 እስከ መጋቢት 31፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ብቻ ነው፤ ሽፋኑም የሚጀምረው በተመዘገበበት ተከታይ ወር ነው። አዲስ አበባ ላይ ዕጢ ተገኝቶበት በሚያዝያ ዋሽንግተን የደረሰ ሰው እስከሚቀጥለው የካቲት ድረስ ክፍል ቢ የለውም። ዕጢ ደግሞ የምዝገባ ወቅት አይጠብቅም።

ሕጉ ለምን እንዲህ ጨከነ? መልሱን በከፊል የምናገኘው ከኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ ዘንድ ነው። አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪናዎች ገበያ በጻፈው ጽሑፍ፣ ከ65 ዓመት በላይ ያሉ ሰዎች የጤና መድን ለመግዛት የሚቸገሩበትን ምክንያት በምሳሌነት አንሥቷል (በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል)። መድን ሰጪው የገዢውን ጤንነት እንደ ገዢው ራሱ አያውቅም። ዋጋውን ከፍ ሲያደርግ ጤነኛው ይወጣል፣ ሕመምተኛው ይቀራል፤ አማካይ ወጪው ይንራል፣ ዋጋውም እንደገና ይጨምራል። ሰው ሁሉ ሲታመም ብቻ እንዲመዘገብ ከተፈቀደ ማኅበሩ ይፈርሳል። ዕድሮቻችን ዘግይቶ የሚገባን አባል ጠቀም ያለ መግቢያ የሚያስከፍሉት በዚሁ አስተሳሰብ ነው፤ ያለ አከርሎፍ ደርሰውበታል ማለት ነው።

በአገራችንስ? እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ጡረተኞችንም ያካተተ ሲሆን፣ በ2011 ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ13 ወረዳዎች ተሞክሯል። ሁለቱም ሲታሰቡ በዐይነ ልቡና የታየው የአገር ውስጥ ሠራተኛና ገበሬ እንጂ ከባሕር ማዶ ተመላሹ አልነበረም።

ተመላሾች ተሰባስበው የራሳቸውን መድን ቢያቋቁሙስ የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። ለምሳሌ ያህል እያንዳንዱ አባል በዓመት 300,000 ብር የሚያስወጣ ሕመም የሚያገኘው በ10 በመቶ ዕድል ነው እንበል፤ ተገቢው መዋጮ 30,000 ብር ይሆናል። አባላቱ 10,000 ቢሆኑ 1,000 ታማሚ ይጠበቃል፣ መደበኛ ልይይቱ 30 ሰው ነው፤ ይህም 3 በመቶ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1713 የታተመው የያዕቆብ በርኑሊ የብዙ ቁጥሮች ሕግ የሚያስተምረን ይህንን ነው። አባላቱ 100 ብቻ ቢሆኑ ግን 10 ታማሚ ይጠበቃል፣ ልይይቱም 3 ሰው፣ ማለትም 30 በመቶ ነው። አንድ ዓመት 13 ሰው ቢታመም ማንንም ሊያስደንቅ አይገባም። የሦስቱ ትርፍ ታማሚዎች 900,000 ብር ግን ከሣጥኑ ውስጥ የለም።