አዳማን ሁለቴ የሚያልፍ ጎማ

ከጅቡቲ ወደብ የሚነሳ የብስክሌት ጎማ ሁሩታ እስኪደርስ አብዛኛውን ጊዜ አዳማን ሁለቴ ያልፋል። መጀመሪያ በኮንቴይነር ታሽጎ በአዋሽ፣ በመተሐራና በወለንጪቲ አድርጎ ይመጣና አዳማን አቋርጦ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል። አስመጪው ከዚያ አውጥቶ መርካቶ ያራግፈዋል። የአዳማው ነጋዴ ደግሞ መርካቶ ሄዶ በጅምላ ይገዛውና በፈጣን መንገዱ ይዞት ይመለሳል። የሁሩታው ባለሱቅ ከአዳማ የሚወስደው ጥቂት ፍሬ ብቻ ነው። ጎማው ባረፈበት ቦታ ሁሉ የመኪና፣ የጫኝና አውራጅ፣ የሱቅ ኪራይና የትርፍ ሒሳብ ይጨመርበታል።

ስለዚህ ብስክሌቱ የተበላሸበት ሰው የሰፈሩን ዋጋ ሰምቶ «ይሄማ አዳማ በርካሽ ይገኛል» ቢል አልተሳሳተም። መርካቶ ደግሞ ከአዳማም ሊረክስ ይችላል። ግን ዕቃው የሚያስወጣው ጠቅላላ ወጪ ዋጋው ላይ ብቻ አያልቅም፤ ልኩ ባይሆን ማን ይመልስለታል የሚለው ጥያቄም አብሮ ይታሰባል።

ሁሩታ በአርሲ ዞን የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዳማ አሰላ አውራ ጎዳና በስተ ምሥራቅ ገባ ብላ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በዚህ መጠን ባሉ ከተሞች የብስክሌት መለዋወጫ ብቻ ሸጦ የሚተዳደር ሱቅ እምብዛም አይገኝም። ካላማዳሪያው፣ ሰንሰለቱና የፍሬን ጎማው ብዙውን ጊዜ ከባጃጅና ከሞተር ሳይክል ዕቃ ጎን፣ አለዚያም ከሚስማርና ከቀለም ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ጠጋኙ ደግሞ መንገድ ዳር ጥላ ሥር ይሠራል። ባለሱቁና ጠጋኙ ስለሚተዋወቁ አንዱ የሌለውን ሌላው ይጠቁማል።

ነጋዴው ብዙ ዕቃ የማያከማችበት ምክንያት አለው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፔዳሉም ሆነ ኩሽኔታው ከቻይና ወይም ከህንድ የሚመጣ በመሆኑ አንድ ካርቶን ለመሙላት የሚያስፈልገው ገንዘብ በአንድ ጊዜ ጨመረ። ትንሽ ካፒታል ያለው ሰው ቶሎ የሚሸጠውን ብቻ ይይዛል። ሱቁ ውስጥ የሚፈለገው ዕቃ ሲታጣ ባለሱቁን በስንፍና መክሰስ የማይገባው ለዚህ ነው።

ከሩቅ መግዛት ብዙ ሰው የሚያከስረው በልክ ጉዳይ ነው። ጎናቸው ላይ «28» የተጻፈባቸው ሁለት ጎማዎች አንድ ቸርኬ ላይ ላይገቡ ይችላሉ። ፎኒክስ ወይም ሂሮ የሚል ስም ያለበት ከባዱ፣ ጥቁሩ፣ ባለ ዘንጉ ብስክሌት ብዙውን ጊዜ የሚያስረው 28 በ1½ የሚባለውን ጎማ ነው፤ ይህ ጎማ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ጠርዝ ዲያሜትሩ 635 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጭን ጎማ ያለው የመንገድ ብስክሌት የሚያስረው 700 ሲ ግን 622 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሱንም ሰዉ «28» ይለዋል። ልዩነቱ 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። በ«26» ላይማ የባሰ ነው። የተራራ ብስክሌት ጎማ 559፣ 26 በ1⅜ የሚባለው ደግሞ 590 ሚሊ ሜትር ነው።

መፍትሔው ራሱ ጎማው ላይ ተጽፏል። ከትልቁ ቁጥር አጠገብ በትንሹ የተቀረጸ፣ በሰረዝ የተያያዘ ቁጥር ይፈለግ፤ ለምሳሌ 40-635 ወይም 57-559። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው የቸርኬው ልክ ሲሆን ሁለቱም በሚሊ ሜትር ናቸው። ሁለተኛው ቁጥር ከአሮጌው ጎማ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ስፋቱ ትንሽ ቢለያይ ግን ችግር የለውም። አዳማ የሚሄድ ሰው ይህን ቁጥር በስልኩ ፎቶ አንስቶ ቢይዝ ከብዙ ንትርክ ይድናል። አሮጌውን ጎማ ራሱን ይዞ ቢሄድ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ሰንሰለትም ዓይነት አለው። ማርሽ ለሌለው ብስክሌት የሚሆነው ½ በ⅛ የሚባለው ሰፊው ሰንሰለት ነው፤ ከኋላ ብዙ ጥርስ ያለው ብስክሌት የሚፈልገው ግን ጠባቡን፣ ½ በ3/32ን ወይም ከዚያም የጠበበውን ነው። የአርሲ መንገድ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ስለሆነ ሰንሰለት ቶሎ ይበላል። መበላቱን ለማወቅ ማስመሪያ ይበቃል። የአዲስ ሰንሰለት 24 መገጣጠሚያ ከፒን እስከ ፒን ሲለካ 30.48 ሴንቲ ሜትር ነው። 30.6 ካለፈ የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል። 30.8 ከደረሰ ግን የጥርሱ ክቦች አብረው ተበልተዋል ማለት ነው፤ በእነሱ ላይ አዲስ ሰንሰለት ቢታሰር ዳገት ላይ ሲረግጡት ይዘላል። መርካቶ ሄዶ ሰንሰለት ብቻ ገዝቶ የተመለሰ ሰው ይህን የሚረዳው ሁሩታ ገብቶ ብስክሌቱን ከሞከረው በኋላ ነው። የሰፈሩ ጠጋኝ ግን ጥርሱን በዓይኑ አይቶ «ክቡንም ጨምረህ ግዛ» ወይም «ሰንሰለቱ ይበቃሃል» ሊለው ይችል ነበር። ይህ ምክር ብዙውን ጊዜ በነፃ የሚሰጥ ነው፤ ዋጋው ግን ከትራንስፖርቱ ይበልጣል።

ትናንሽ ዕቃዎች ላይ ነገሩ የበለጠ ግልጽ ነው። የኋላው ጎማ ኩሽኔታ ኳሶች አብዛኛውን ጊዜ ¼ ኢንች፣ የፊተኛው 3/16 ኢንች ናቸው። ጠጋኙ ቆጥሮ ይሸጣቸዋል፣ ግራሶ ቀብቶም ይገጥማቸዋል። የግራው ፔዳል ጥርስ ከተለመደው ቡሎን በተቃራኒ ስለሚዞር፣ ይህን ሳያውቅ ቤቱ ሊፈታ የታገለ ሰው የባሰ ሊያጠብቀው ይችላል። ካላማዳሪያ፣ መለጠፊያ፣ የፍሬን ገመድ፣ የፍሬን ጎማ፣ የቸርኬ ሽቦ ሁሉ ከሰፈር ቢገዙ ይሻላል። ከሁሩታ ወደ ዴራና ወደ አዋሽ ሸለቆ የሚወርድ ሰው መንገዱ በጥቅሉ ቁልቁል ነው፤ የቆላው የግራር እሾህም ጎማ አይምርም። እንዲህ ባለ መንገድ የተበላ ፍሬን ይዞ፣ አዳማ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ጥቂት ብር ለመቆጠብ መጠበቅ ትልቅ ስህተት ነው።

ይሁንና የሰፈር ሱቅ ሁልጊዜ አያዋጣም። ጎማ ፀሐይ ላይ ለወራት ተሰቅሎ ከቆየ ላስቲኩ ይደርቃል፤ ጨርሶ ሳይነዳም ይሰነጠቃል። ገዢው በሁለት አውራ ጣቱ አጥፎ ጎኑን ይመልከተው። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካየ ያስቀምጠውና አዳማ ቢሄድ ይሻለዋል። ባለ 8 ወይም ባለ 9 ማርሽ መቀያየሪያ፣ በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን፣ የውድድር ብስክሌት ዕቃ ደግሞ በትንሽ ከተማ መፈለግ ድካም ነው። መርካቶም ቢሆን የጃፓኑ ሺማኖ ስም ያለበት ሁሉ የሺማኖ ሥራ አይደለም፤ ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ማሸጊያው ያልተስተካከለ፣ ዋጋው ከጎረቤት ሱቅ በብዙ የረከሰ ከሆነ ይጠርጠር።

ሰልባጅ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የብረት ፔዳል ወይም ኮርቻ ያገለገለ ቢሆን ግድ የለም። የአሉሚኒየም መሪ ግን ውስጡ የተሰነጠቀ ከሆነ ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። የራስ ቁር ደግሞ አንዴ ከተመታ ላዩ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም ተጨምቋል፤ ከማያውቁት ሰው ያገለገለ ቁር መግዛት ጭራሽ አይገባም።

አሁን ሌላ መንገድም መጥቷል። ነጋዴው የዕቃውን ፎቶ በቴሌግራም ይለቃል፣ ገዢው በቴሌብር ይከፍላል፣ ዕቃው በሚኒባስ ረዳት እጅ ይላካል። ያልተመቸው ግን መልሶ ለመላክ ሌላ ሒሳብ ይከፍላል፤ ሻጩ ስልኩን ካላነሳ ደግሞ ጉዳዩ እዚያው ላይ ያበቃል። ውጭ አገር ዘመድ ያለውም በሻንጣ ያስመጣል። ብስክሌቱ ቆሞ ወራት የሚታገሥ ከሆነ ለውድና ብርቅ ዕቃ ይህ ጥሩ ነው።

በተግባር የሚያዋጣው ግን ብዙ ሰው የማይሞክረው መንገድ ነው፦ በሰፈሩ ባለሱቅ በኩል ማዘዝ። ነጋዴው ለራሱ ጉዳይ አዳማ መሄዱ ስለማይቀር ለአንድ ጎማ ተብሎ የተለየ የትራንስፖርት ወጪ አይወጣም። ሦስት አራት ባለብስክሌቶች ተነጋግረው ቢያዝዙ ደግሞ በጅምላ ዋጋ ሊያገኝላቸው ይችላል። ገዢው ቀብድ ይስጥ፣ ልኩን በወረቀት ይጻፍ፦ የጎማውን ባለ ሰረዝ ቁጥር፣ የሰንሰለቱን ስፋት፣ የኋላውን ጥርስ ብዛት፣ የካላማዳሪያውን አፍ ዓይነት። ልኩ ባይሆን እንደሚመለስም አስቀድሞ ይስማማ። ባለሱቁ በቀጣዩ ጉዞው ይቀይርለታል፤ ገዢውም ለአንድ ቡሎን ሲል የሥራ ቀኑን፣ የምሳውንና የደርሶ መልሱን ሒሳብ አያወጣም።