የእድገት ሆርሞን ሲወጉ ቲ4 ለምን ይወርዳል?

ጡንቻ ለማሳደግ ብሎ የእድገት ሆርሞን የሚወጋ ወጣት ደሙን ሲመረመር፣ ቲ4 የሚባለው የታይሮይድ ሆርሞን ከመደበኛው ልክ ወርዶ ሊያገኘው ይችላል። የጂም ምክር ቶሎ ይደርስለታል፦ «ሆርሞኑ ታይሮይድህን ዘግቶታል፤ ቲ3 ጨምርበት።» ይህ ምክር አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው፤ ልብንም ይጎዳል።

አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ በብዛት የሚያመርተው ቲ4ን ነው። ቲ4 አራት የአዮዲን አቶሞች አሉት፤ ራሱ ግን እምብዛም ሥራ አይሠራም፤ ይበልጡኑ የተከማቸ ስንቅ ነው። ጉበት፣ ኩላሊትና ሌሎች የሰውነት ክፍሎች አንዱን አዮዲን ሲያነሱለት ወደ ቲ3 ይለወጣል። የልብን ምት፣ የሰውነትን ሙቀትና የምግብን መቃጠል በዋናነት የሚመራው ቲ3 ነው። በደማችን ከሚገኘው ቲ3 80 በመቶ ያህሉ የሚገኘው ከዕጢው ውጭ በሚካሄደው በዚህ ለውጥ ነው። ታይሮይድ ምን ያህል እንዲያመርት የሚያዘው ደግሞ ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ሲሆን፣ ትእዛዙን የሚያስተላልፈው ቲኤስኤች በሚባል ሆርሞን ነው።

የእድገት ሆርሞን እዚህ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ቲ4 ወደ ቲ3 የሚለወጥበትን ፍጥነት ይጨምራል። ስለዚህ ቲ4 ይቀንሳል፤ ቲ3 ግን ባለበት ይቆያል ወይም ጥቂት ከፍ ይላል። በተጨማሪም የእድገት ሆርሞኑ አንጎል ሶማቶስታቲን የተባለውን ገቺ ሆርሞን እንዲያበዛ ያደርጋል፤ እሱም የቲኤስኤችን ትእዛዝ በመጠኑ ይቀንሰዋል። የላቦራቶሪው ወረቀት ላይ ነፃ ቲ4 (በደም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ያልተያያዘው) ዝቅ፣ ቲኤስኤች ዝቅ ወይም መደበኛ፣ ቲ3 ደግሞ መደበኛ ሆነው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ሥራውን የሚሠራው ሆርሞን አልጎደለም ማለት ነው። ፒቱታሪው ጤነኛ በሆነ ሰው ላይ ለውጡ ባብዛኛው ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም በራሱ ይስተካከላል።

ፒቱታሪያቸው ቀድሞውኑ የተጎዳ ሰዎች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። እነዚህ ሰዎች በሐኪም ትእዛዝ የእድገት ሆርሞን ሲጀምሩ፣ ተሸፍኖ የቆየ የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት ሊገለጥባቸው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ሕክምናው ከመጀመሩ በፊትም ሆነ ከተጀመረ በኋላ ነፃ ቲ4ን ይለካሉ። ከጂም ጓደኛው ሲሪንጅ የሚቀበለው ወጣት ግን ፒቱታሪው ደህና መሆኑን የመረመረለት ማንም የለም።

የሚወጋው መጠንም አንድ አይደለም። ለአዋቂ የእድገት ሆርሞን እጥረት ሕክምና የሚጀመረው በቀን ከግማሽ ሚሊግራም ባነሰ መጠን ነው፤ ጡንቻ ገንቢዎች ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ይወጋሉ። የእድገት ሆርሞን ለዓመታት ሲበዛ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳየን አክሮሜጋሊ የተባለው በሽታ ነው። በፒቱታሪ ላይ በሚወጣ ዕጢ (ቱመር) ሰበብ ሆርሞኑ በሚበዛባቸው በእነዚህ ሕመምተኞች ላይ የታይሮይድ ማበጥና እባጮች በብዛት ይታያሉ።

የምርመራውን ውጤት የሚያዛቡ ሌሎች ነገሮችም አሉ። አብረው የሚወሰዱት ስቴሮይዶች ቲ4ን ተሸክሞ የሚዞረውን ፕሮቲን ስለሚቀንሱት ጠቅላላ ቲ4 ይወርዳል፤ ነፃው ቲ4 ግን ደህና ሊሆን ይችላል። ለውድድር ሲባል ምግብ በጣም ሲቀነስ ሰውነት ጉልበት ለመቆጠብ ቲ3ን ይቀንሳል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚዋጠው ባዮቲን ደግሞ በአንዳንድ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ላይ ቲኤስኤችን ያለ እውነቱ ዝቅ፣ ቲ4ን ያለ እውነቱ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ባዮቲን የሚወስድ ሰው ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ ማቆም አለበት።

ይህን ሁሉ ሳያጣራ ቲ3 የሚጨምር ሰው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው የሚሆንበት። ከውጭ የገባው ቲ3 ፒቱታሪውን ዝም ያሰኘዋል፤ ታይሮይዱ ማምረቱን ይቀንሳል፤ በሚቀጥለው ምርመራ ቲ4 ከበፊቱም ወርዶ ይገኛል። ወጣቱ ይህን ሲያይ ታይሮይዱ የባሰበት ይመስለውና መጠኑን ይጨምራል። ቲ3 ሲበዛ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ የልብ ምት ሊዛባ፣ አጥንትም ሊሳሳ ይችላል። ይባስ ብሎ ያ ሁሉ የተለፋበት ጡንቻ ራሱ ይበላል።

የእድገት ሆርሞንን ለጡንቻ ብሎ መውጋት በእኔ እምነት ከመነሻው የማይገባ ነገር ነው፤ በስፖርት የተከለከለ ነው፤ የደም ስኳርንም ከፍ ያደርጋል። አሁን እየወጋችሁ ከሆነ ግን ቲ3 በራሳችሁ አትጀምሩ፤ ከጀመራችሁም ሐኪም ሳታማክሩ መጠኑን አትቀያይሩ። ቲኤስኤች፣ ነፃ ቲ4 እና ቲ3 አንድ ላይ ይለኩላችሁ። ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለትና የሆድ ድርቀት አልለቅ ካላችሁና ነፃ ቲ4 በድጋሚ ምርመራም ዝቅ እንዳለ ከቀጠለ፣ ቲኤስኤች መደበኛ ነው በሚል አትዘናጉ፤ ችግሩ ፒቱታሪው ላይ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡም የምትወጉትን፣ የምትውጡትንና መጠኑን ሳትደብቁ ንገሩት፤ ውጤቱን በትክክል ሊያነብላችሁ የሚችለው ያን ጊዜ ነው።