በግና ፍየል ሐሩርን የሚቋቋሙት እንዴት ነው?

ለተቸገሩ ቤተ ሰቦች መቋቋሚያ የሚሰጡ በጎችና ፍየሎች በቀትር ሲያለከልኩና መኖ አልበላ ሲሉ ብዙዎቻችን «ታመዋል» እንላለን። መድኃኒት ላኩልን የሚሉ ሠራተኞችም አሉ። ይሁን እንጂ ነገሩ ሁልጊዜ በሽታ አይደለም።

ጤነኛ በግ የሰውነቱ ሙቀት 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። የአየሩ ሙቀት ወደዚህ ሲቃረብ፣ እንስሳው ሙቀቱን የሚያስወጣው ውኃ በማትነን ብቻ ይሆናል። በግ እንደ ሰው ብዙ ስለማያልበው ውኃውን የሚያተንነው በአብዛኛው በትንፋሹ ነው። ዐርፎ ሳለ በደቂቃ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ገደማ ይተነፍሳል፤ በከባድ ሐሩር ግን ከ200 ጊዜ በላይ ይደርሳል። በአፍንጫው የበረደው ደምም ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ያቀዘቅዛል። አፉን ከፍቶ ምላሱን ካወጣ ግን ተጨንቋል ማለት ነው።

መኖውን የሚተወውም በምክንያት ነው። ሣር በትልቁ ጨጓራ ውስጥ ሲብላላ ሙቀት ስለሚፈጥር፣ ባለመብላቱ የውስጡን እሳት ይቀንሳል። ይህ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ወተት ይጎድላል፣ የአውራውም ዘር ለሳምንታት ይደክማል።

ፍየል ከበግ ይበልጥ ትችላለች። በሲናና በኔጌብ በረሃ ያሉ የበደዊን ጥቋቁር ፍየሎች በሁለት ወይም በአራት ቀን አንዴ ይጠጣሉ። ሲያገኙም የክብደታቸውን ሢሶ የሚያህል ውኃ ባንድ ጊዜ ይጠጣሉ። ጨጓራቸው እንደ እንስራ ይዞ ቀስ በቀስ ለደማቸው ያቀብላል።

ሁሉም ግን እኩል አይችልም። ጸጉሩ አጭር፣ ስቡም በላቱ ዙሪያ የተጠራቀመው የኦጋዴን በግ ሙቀቱን በቀረው ገላው ያስወጣል፤ የመንዝ በግ ግን ለብርድ የለበሰ ነው። እኛም አንድ ጊዜ ከደጋ ያወረድናቸውን በጎች በቀትር ሰብስበን ስንከትብ ሦስቱ ሞቱብን። ክትባቱ አልነበረም የገደላቸው፤ በፀሐይ ማሯሯጣችን ነው። (ጸጉሩን እስከ ቆዳ መሸለትም መፍትሔ አይሆንም፤ ጸጉር ፀሐይንም ይከላከላልና።)

ስለዚህ ክትባትና ጭነት ጎህ ሲቀድ ይሁን። ዳሱ ነፋስ የሚያሳልፍ ይሁን፤ መኖውም ማታ ይቅረብ። ሲመሽ ከበሉ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ሐሩሩ ነው፤ በቀዝቃዛ ሌሊትም ካለከለኩ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።