«ልምምድ» ወይስ «ሙያዊ ሥራ»? በሕንፃ ንድፍ ሥራ አማካይነት ስለሚገኝ ዶክትሬት የአማርኛ ስያሜ

መነሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የትርጉም ሰነድ ለእርማት ቀርቦልኝ ነበር። ባለጉዳዩ የራሳቸውን የንድፍ ቢሮ ከዐሥር ዓመት በላይ የመሩ አርክቴክት ናቸው። ሥራቸውን ሳያቋርጡ በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚከታተሉትን የዶክትሬት ትምህርት የሚገልጽ ማስረጃ ለአንድ መሥሪያ ቤት ማቅረብ ነበረባቸው። ተርጓሚው የትምህርቱን ስም «በንድፍ ልምምድ የሚሰጥ የትርፍ ጊዜ ዶክትሬት» ሲል አስፍሮታል። ሰነዱን የተመለከቱት ኃላፊም «ታዲያ ወደ ዋናው ትምህርት የሚገቡት ልምምዱን ሲጨርሱ ነው?» ብለው ጠየቋቸው።

ኃላፊው አልተሳሳቱም፤ ያነበቡት የተጻፈውን ነው። በአማርኛ «ልምምድ» ላይ ያለ ሰው ሙያውን ገና አልያዘም፤ «በትርፍ ጊዜ» የሚሠራ ነገርም ከዋናው ሥራ የተረፈ ነው። በዚህ ዓይነቱ ትምህርት ግን ዕጩው ሙያውን የጨበጠ ሰው ነው፤ የምርምሩም ጥሬ ዕቃ የዕለት ሥራው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የትምህርቱን ባሕርይ በአጭሩ ማስረዳትና ባሕርዩን የማያዛቡ የአማርኛ ቃላትን ለውይይት ማቅረብ ነው።

1. የትምህርቱ ባሕርይ

ለዚህ ትምህርት ዋና ምሳሌ የሚሆነው በአውስትራሊያ፣ በሜልቦርን ከተማ፣ ዛሬ አር ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ተቋም የተጀመረው ሥርዓት ነው። ፕሮፌሰር ሊዮን ቫን ስካይክ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በሥራቸው የታወቁ የከተማይቱን አርክቴክቶች እየጋበዙ፣ የሠሩትን ሥራ ራሳቸው እንዲመረምሩ የሚያደርግ የማስተርስ ትምህርት አቋቋሙ፤ ይኸው ሥርዓት ቆይቶ ወደ ዶክትሬት ደረጃ አደገ። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2016 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት የገንዘብ ድጋፍ የተካሄደው አዳፕት-አር የተባለ መርሐ ግብር ተመሳሳዩን አካሄድ በበርካታ የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች አስፋፍቷል።

አካሄዱ በሦስት እርከን ሊገለጽ ይችላል። በመጀመሪያ ዕጩው ያለፉ ሥራዎቹን፣ ማለትም የተሠሩትን ሕንፃዎች፣ በወረቀት የቀሩትን ንድፎች፣ የውድድር ሥራዎችንና ሞዴሎችን ዘርግቶ ይመረምራል፤ ሳያውቀው ሲደጋግመው የኖረውን የአሠራር ፈለግ ይለያል። ቀጥሎ ይህን ፈለግ ቢሮው ውስጥ በእጁ ባለው ሥራ ላይ ይፈትነዋል። በመጨረሻም ግኝቱ ለወደፊቱ ሥራ ምን በር እንደሚከፍት ያሳያል። በዓመት ሁለት ጊዜ በሚደረግ ጉባኤ የደረሰበትን ለባለሙያዎችና ለመምህራን ያቀርባል። ፈተናውም በአደባባይ ነው፤ ዐውደ ርእይ፣ የቃል ማብራሪያና ሥራውን የሚተነትን ሰነድ በአንድነት ይመዘናሉ።

ከዚህ እንደምንረዳው ይህ ማዕረግ ከክብር ዶክትሬት ይለያል። የክብር ዶክትሬት ለተሠራ ሥራ የሚሰጥ ምስጋና ነው፤ ይህ ግን ከተሠራው ሥራ ውስጥ ሌሎች ሊጠቀሙበት የሚችሉት አዲስ ዕውቀት ወጥቶ በፈታኞች ፊት እንዲረጋገጥ ይጠይቃል።

2. «በ» ብቻውን ይበቃልን?

ክሪስቶፈር ፍሬይሊንግ የተባሉት እንግሊዛዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1993 ለንደን በሚገኘው ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በሥነ ጥበብና በንድፍ መስክ የሚደረገውን ምርምር በሦስት መስተዋድዶች ከፍለውታል። አከፋፈሉ በአማርኛ ሲገለጽ «ስለ ንድፍ»፣ «በንድፍ» እና «ለንድፍ» የሚደረግ ምርምር ይሆናል። የመጀመሪያው የንድፍን ታሪክና ንድፈ ሐሳብ የሚያጠና ነው፤ በሁለተኛው ንድፉ ራሱ የምርምሩ መሣሪያ ነው፤ በሦስተኛው ሐሳቡ በተሠራው ነገር ውስጥ ታትሞ ይቀራል። የእኛ ትምህርት በዋነኛነት ከሁለተኛው ወገን ይመደባል።

ትርጉሙ በዚህ ያበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን የአማርኛው «በ» ብዙ ሸክም ያለበት ፊደል ነው። «በሕክምና ዶክትሬት አላቸው» ስንል መስኩን እንገልጻለን፤ «በመጥረቢያ ቆረጠ» ስንል መሣሪያውን እናመለክታለን። ስለዚህ «በኪነ ሕንፃ በንድፍ ሥራ የተገኘ ዶክትሬት» ቢባል አንዱ «በ» መስክን፣ ሌላው መሣሪያን ስለሚያመለክት አንባቢ ሁለቱንም በመስክነት ሊወስዳቸው ይችላል። ከዚህ የተነሣ መሣሪያነቱን ለማጉላት «አማካይነት» የሚለውን ቃል መጨመር ግድ ይላል፦ «በሕንፃ ንድፍ ሥራ አማካይነት የሚገኝ የኪነ ሕንፃ ዶክትሬት»።

3. «ንድፍ»፣ «ልምምድ» እና «ሙያዊ ሥራ»

«ነደፈ» ጥጥ ለሚነድፈውም፣ ለምትነድፈው ንብም፣ ረቂቅ ለሚያወጣውም የሚያገለግል ግሥ ነው። «ንድፍ» ለእንግሊዝኛው «ዲዛይን» አቻ ሆኖ ተለምዷል፤ ሆኖም ሁለት እንቅፋት አለበት። አንደኛው፣ ገና ያልተጠናቀቀ ረቂቅን ማመልከቱ ነው። ሁለተኛው የበለጠ ይከብዳል፤ «ንድፈ ሐሳብ» የሚለው ቃል ከዚሁ ሥር ስለ ወጣ፣ «ንድፋዊ ምርምር» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ የፈለገውን ተቃራኒ ሊያሰማ ይችላል። ስለዚህ «የሕንፃ ንድፍ» ብሎ ማያያዝ ይመረጣል፤ «ንድፈ ሐሳብ» በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ካለ ግን «ዲዛይን» የሚለውን የውሰት ቃል መጠቀም ነውር የለበትም።

የእንግሊዝኛው «ፕራክቲስ» በአንድ ቃል ሦስት ነገር ይይዛል፦ መለማመድን፣ ሙያን በሥራ ላይ ማዋልንና የባለሙያውን ቢሮ። አማርኛ ሦስቱን ለያይቶ ስለሚጠራ ተርጓሚው መምረጥ አለበት። «ልምምድ» ለመጀመሪያው ብቻ ይሁን። «ተግባር» ሰፊ ከመሆኑም በላይ ሙያን ነጥሎ አያሳይም፤ «ልምድ» ደግሞ የተጠራቀመውን እንጂ በመሠራት ላይ ያለውን አይገልጽም። ለሁለተኛው ፍቺ «ሙያዊ ሥራ»፣ ለሦስተኛው «የንድፍ ቢሮ» ቢባል ለአንባቢ ግልጽ ይሆናል።

4. «ትርፍ ጊዜ» እና «ከፊል ጊዜ»

በአውስትራሊያ የሙሉ ጊዜ ዶክትሬት በተለመደው አሠራር ከ3 እስከ 4 ዓመት ይወስዳል፤ የከፊል ጊዜው ከ6 እስከ 8 ዓመት ይዘልቃል። «ከፊል ጊዜ» የምዝገባ ዓይነት ስም ነው፤ ትምህርቱ ከሥራ ለተረፈ ሰዓት የተተወ መሆኑን አያመለክትም። እንዲያውም በዚህ ትምህርት ባለሙያው ቢሮው ሲገባ ከምርምሩ አይወጣም፤ ከደንበኛው ጋር የተከራከረበት ደረጃ፣ ሦስት ጊዜ የሠረዘው መስኮት ሁሉ ማስረጃው ነው። ይህን ሰው «የትርፍ ጊዜ ተማሪ» ማለት የምርምሩን ዋና ምንጭ መካድ ነው።

5. «ማሰላሰል» እና «ትርጓሜ»

ዶናልድ ሾን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በኪነ ሕንፃ ስቱዲዮ አንድ መምህር የተማሪዋን ንድፍ እየሣለ ሲያርም የሚያደርገውን መርምረው፣ ባለሙያ በሥራው መካከል እንደሚያስብ አስረድተዋል። ለዚህ የተጠቀሙበትን «ሪፍሌክሽን» የተባለ ቃል «ነጸብራቅ» ብሎ መተርጐም ወደ ብርሃን ጥናት ይወስዳል። ትክክለኛው «ማሰላሰል» ነው፤ «በሥራ መካከል ማሰላሰል» እና «ከሥራ በኋላ ማሰላሰል» ብሎ ሁለቱን መለየትም ይቻላል። ማይክል ፖላኒ እ.ኤ.አ. በ1966 በሰፊው ያብራሩት፣ ባለቤቱ በቃል ሊያስረዳው የማይችለው ዕውቀት ደግሞ «ያልተነገረ ዕውቀት» ቢባል ይስማማል። «ምስጢራዊ» ማለት ግን አይገባም፤ ዕውቀቱን የደበቀው ሰው የለምና።

ሥራውን ተከትሎ የሚቀርበው ሰነድ በአውስትራሊያ «ኤክሲጂሲስ» ይባላል። ለዚህ ቃል አማርኛ ሩቅ መሄድ አያሻውም። በአብነት ትምህርት ቤት ንባብ ይቀድማል፤ ትርጓሜ ይከተላል፤ ንባብ የሌለው ትርጓሜ የለም። በዚህ ትምህርት ሕንፃው ንባብ፣ ሰነዱ ትርጓሜ ነው። በቅኔ ቤትም ተማሪው የሚመዘነው በቆጠረው ቅኔ ነው፤ ምስጢሩንም እንዲገልጥ ይጠየቃል። ንጽጽሩ የስያሜ እንጂ የሥርዓት አንድነትን አያመለክትም። «አንድምታ» ግን አማራጭ ፍቺዎችን በተራ የመደርደር ልዩ ስልት ስለሆነ፣ ለዚህ ሰነድ ባይውል ይሻላል።

6. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ በተሰጠው ማብራሪያ መሠረት የሚከተሉት ቃላት ለውይይት ቀርበዋል፦

ፕራክቲስ፦ ሙያዊ ሥራ፤ ድርጅቱን ሲያመለክት፣ የንድፍ ቢሮ
ዲዛይን፦ የሕንፃ ንድፍ፤ እንደ አግባቡ ዲዛይን
ፓርት ታይም፦ የከፊል ጊዜ
ሪፍሌክሽን፦ ማሰላሰል
ታሲት ኖውሌጅ፦ ያልተነገረ ዕውቀት
ኤክሲጂሲስ፦ ትርጓሜ

በመነሻችን የጠቀስነው ሰነድ «በሕንፃ ንድፍ ሙያዊ ሥራ አማካይነት በከፊል ጊዜ የሚካሄድ የኪነ ሕንፃ ዶክትሬት» ተብሎ ታርሟል። ስያሜው ረዝሟል፤ ለዕለት ንግግርም አይመችም። ነገር ግን ማስረጃ የሚያቀርብ ሰው የሚዳኘው በተጻፈለት ቃል ስለሆነ፣ አጭሩ ስም ባለሙያውን ተለማማጅ የሚያደርገው ከሆነ ረጅሙን መምረጥ የተርጓሚው ግዴታ ነው። ከዚህ የተሻለና ያጠረ ስያሜ ያላቸው አንባብያን ሐሳባቸውን ቢያቀርቡ ለውይይቱ ይጠቅማል።