ታይቶ የሚጠፋ የመኪና ኤሌክትሪክ ብልሽት

ባረጀ አውቶሞቢል ላይ ከሚደርሰው ብልሽት ኹሉ ባለቤቱን አብልጦ የሚያስጨንቀው እንደ ንዳድ በሽታ መጥቶ የሚሄደው ነው። ጨርሶ የተሰበረ ዕቃ መሰበሩ ስለሚታይ ይለወጣል፤ ይኸኛው ግን መካኒኩ ፊት ሲደርስ ጤነኛ ይኾናል። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው በግምት ዕቃ መግዛት ይጀምራል። ዛሬ ባትሪ፥ ነገ ሞተሪኖ እየተባለ ለቤቱ ቀለብ የታሰበው ገንዘብ ያልቃል፤ ብልሽቱ ግን እንዳለ ነው። እኛም ከመግዛት በፊት መመርመር እንደሚሻል፥ በብዙ ቤት በሚታወቀው በቮልስ መኪና ምሳሌነት ለመግለጽ አሰብን።

የዚህ መኪና የመጨረሻው በሜክሲኮ አገር በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. ተሠርቶ ቀርቷል፤ በአዲስ አበባ መንገድ የምናያቸው አብዛኞቹ ግን ከዚያ በብዙ ዓመት የሚቀድሙ ናቸው። የታወቀው ጠባዩ እንዲህ ነው። ጧት ሞተሩ በርዶ ሳለ ቁልፉ እንደ ዞረ ወዲያው ይነሣል፤ ከገበያ ሲመለሱ ሞተሩ ግሎ ሳለ ቁልፉ ቢዞር ግን ቀጭ ከማለት በቀር ምንም አያደርግም። ጥቂት ቆይቶ ሲበርድ እንደ ገና ይነሣል። ባለቤቱም ባትሪውን ይወቅሳል።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ግን በሽቦው ርዝመት ላይ ነው። ባትሪውም ሞተሪኖውም ከኋላ ሳሉ፥ ሞተሪኖውን የሚያዘው ኤሌክትሪክ ከባትሪው ተነሥቶ ወደ ፊት እስከ መሪው ይሄድና በቁልፉ በኩል አልፎ ተመልሶ ወደ ኋላ ይመጣል። መጋጠሚያዎቹ ሲዝጉ፥ የቁልፉም ውስጥ ሲበላ፥ በየቦታው ጥቂት ጥቂት ኀይል እየቀረ ይሄዳል። መዳብም ሲግል ኤሌክትሪክን ይበልጥ ስለሚያግድ፥ ጧት የበቃው ኀይል ቀትር ላይ ያንሳል።

ይህን ለማወቅ አንድ ቴስተር ይበቃል። ባለ 12 ቮልት ባትሪ በሚገባ ተሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። መኪናው እንቢ ባለበት በዚያው ሰዓት፥ ማርሹ ነጻ ኾኖ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፥ አንዱ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ሌላው የመለኪያውን አንድ ጫፍ የመደመር ምልክት ባለበት የባትሪው ራስ ላይ፥ ሁለተኛውን ቀጭኑ ሽቦ ወደ ሞተሪኖው በሚገባበት ላይ ያድርግ። የሚታየው ቊጥር በመንገድ የጠፋው ኀይል ነው፤ አንድ ቮልትና ከዚያ በላይ ከኾነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሽቦው እንጂ ባትሪው አይደለም። መጋጠሚያዎቹን ማጽዳት፥ ያም ካልበቃ ሞተሪኖው አጠገብ ሪሌ ማስገባት ያድነዋል። መካኒኮች ማሳ የሚሉት፥ ከማርሽ ሣጥኑ ወደ መኪናው አካል የተዘረጋው የተጐነጐነ ሽቦም ዝጎ ወይም ላልቶ እንደ ኾነ አብሮ ይታይ።

መብራት በጕድጓድ ላይ ሲናጥ የሚጠፋ ከኾነ ፊውዞቹን ማየት ነው። በቀድሞዎቹ ቮልሶች ፊውዙ ጫፉ ሹል ኾኖ ስስ ብረት በላዩ የተለበጠበት ስለ ኾነ፥ ጫፉ ሲዝግ ሳይቃጠል ሥራውን ይተዋል፤ በጣት ሲያዞሩት መብራቱ ተመልሶ ቢመጣ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። የሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልሎ በፊውዝ ፈንታ ማስገባት ግን ቤትን በገለባ ከድኖ እሳት ከመጫወት አይለይም።

ብልሽቱ የመጣበትን ቀንና ሁናቴ፥ ዝናብ ይኹን ሙቀት ወይም ጕድጓድ፥ በመኪናው ውስጥ በሚቀመጥ ደብተር መጻፍ ይጠቅማል። ብዙ ጊዜ አብራ የምትጓዘው የቤቱ እመቤት ከሾፌሩ ይልቅ ስለምታስተውል ደብተሩን እርሷ ብትይዘው መልካም ነው።

ሽቦ ከመንካት በፊት የመቀነስ ምልክት ያለበት የባትሪው ገመድ አስቀድሞ ይፈታ። ባትሪው ያለው ልጆች በሚቀመጡበት በኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ስለ ኾነ፥ ክዳኑ የጠፋ እንደ ኾነ የወንበሩ ስፕሪንግ ከሰው ክብደት የተነሣ የባትሪውን ራስ ነክቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ክዳኑ እስኪገኝ ድረስ በዚያ ወንበር ላይ ማንም ባይቀመጥ እንመክራለን።