ጊታሬን ሎሚ ልቀባት?

«ሎሚና ጨው ዝገት ያነሳል ብለውኛል፤ ልቀባት?» አለኝ አንድ የወልድያ ልጅ። ስሙ ይቆየን። ዕቁብ ሲወጣለት ከጫማም ከሞባይልም አስቀድሞ የገዛው ጊታር ነው። ሰርግ ላይ እየተጫወተ የእናቱን የቤት ኪራይ የሚደጉመው በእሷ ነው። ታዲያ ክረምቱን አልጋ ሥር ከርማ መስከረም ላይ ቢያወጣት ክሮቿ ቡናማ፣ አንገቷ ላይ የተደረደሩት ፍሬቶች አረንጓዴ! ለጥቅምት ደግሞ ሰርግ ይዟል።

አብሽር! ሎሚውን ግን ለሻይህ ተወው። አሲድ ነው፤ ዛሬ ቢያብለጨልጭም ብረቱን ይበላዋል፤ ጨው ደግሞ የዝገት ወዳጅ ነው።

እናንተዬ፣ ጊታርን የሚጨርሰው ከዕድሜ ይልቅ የእጃችን ላብ ነው። ላብ ጨው አለው፤ እርጥበት ሲጨመርበት የብረቱ ክር ይዝጋል። ፍሬቱ ብዙውን ጊዜ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ አረንጓዴ የሚያወጣው መዳቡ ነው። በዛገ ክር እስቲ አምባሰልን ተጫወቱ! ቅኝቱ የተሰየመበት አገር ከሀብሩ ጋር ይዋሰናል፤ ጎረቤት ሰምቶ ይታዘባችኋል። ዝገት ክሩ ላይ እኩል ስለማይቀመጥ ድምፁ ይዛባል፣ ቅኝትም አይዝም።

የዛገ ክር አይታከምም፤ አውጥታችሁ ጣሉት። ፍሬቱ ግን ይድናል። በግራና በቀኙ ያለውን እንጨት በፕላስተር ሸፍኑና በደረቅ የጥጥ ካናቴራ እሹት። እምቢ ካለ እጅግ የላመውን፣ ባለ አራት ዜሮውን የብረት ሽቦ በቀስታ። የድስት መፈግፈጊያው አይደለም! ብርጭቆ ወረቀትማ ጭራሽ አይታሰብ። ጊታሩ የኤሌክትሪክ ከሆነ ድምፅ መሳቢያውንም ሸፍኑት፤ ማግኔት ስላለው የሽቦውን ብናኝ ይሰበስባል።

አንገቱ ራሱ ብረት የሆነስ? በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ትራቪስ ቢንና ክሬመር የተባሉ የአሜሪካ ፋብሪካዎች የአሉሚኒየም አንገት ያላቸው ጊታሮች ሠርተዋል። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም፤ ላዩ ላይ የሚያወጣው ስስ ግራጫ ሽፋን እንዲያውም ይጠብቀዋል። ለስላሳ ሳሙና በነካ፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጠርጋችሁ ወዲያው አድርቁት፤ ከዚያ የመኪና ሰም ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። በረኪና ግን ጠላቱ ነው።

ከተጫወታችሁ በኋላ ክሩን ከላይም ከሥርም በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ማን ያደርገዋል! ሻንጣው ውስጥ ከጫማ ካርቶን የምትገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጣሉበት። አልጋ ሥር፣ እርጥብ ግድግዳ ሥር አይቀመጥ። ይድረቅ ብላችሁም ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ ማጣበቂያው ይላቀቃል።

አንተ የወልድያው፣ ክሩን ከአሁኑ ከደሴም ከአዲስ አበባም አስልክ። አዲስ ክር እስኪረጋ ጥቂት ቀን ቅኝቱ እየወረደ ያስቸግራል፤ ለሰርጉ ዋዜማ አታድርገው።