ማንም የማይጠጣው ጉድጓድ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ወለቃ ስሟ የሚነሳው በሸክላ ነው። የሙያው ባለቤቶች ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ወደ እስራኤል ቢሄዱም ሸክላው ዛሬም ይሠራል። ሸክላ ሠሪ የትኛው አፈር ውሃ እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚያሳልፍ በእጇ ታውቃለች። የነዳጅ ፍሳሽ የሚመረምር ባለሙያም ጥያቄው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እሱ አፈሩን ሳያየው መጠየቁ ብቻ ነው።

እንበልና እንዲህ ባለ ጎዳና ዳር ያለ ማደያ የቀበረው ታንከር ዝጎ ማንጠባጠብ ጀመረ። ድምፅ የለውም። ቀድሞ የሚናገረው በየማለዳው ወደ ታንከሩ የሚወርደው የመለኪያ ዘንግ ነው፦ ትናንት የነበረው፣ ቦቴው ያራገፈው፣ የተሸጠውና የቀረው አልገጥም ይላል። በዘንጉ ጫፍ የሚቀባው ቅባት ደግሞ ውሃ ሲነካው ቀለሙን ይቀይራል። ውሃ ወደ ታንከሩ የሚገባበት ቀዳዳ ካለ፣ ነዳጅ የሚወጣበትም ሊሆን ይችላል።

የጠፋው ጥቂት ነው ብሎ መናቅ አይበጅም። ቤንዚን ውስጥ ሞክሼው አለ፤ ኬሚስቶች ያው ቤንዚን የሚሉት፣ የደም ካንሰር የሚያመጣ ንጥረ ነገር። (በአማርኛ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታችን ያሳስበኛል።) የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ከማደያ ቤንዚን ከመቶ አንዱ ሞክሼው ቢሆን፣ አንድ ሊትር ብቻ ከ700 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ እስከዚያ ጣሪያ ያደርሳል፤ ባለ20 ሊትር ጀሪካን ቢሆን ከ35 ሺህ ይበልጣል። አፍንጫም አያድንም። ሞክሼው ለብቻው በውሃ ውስጥ የሚሸተው ከጣሪያው 1,000 ጊዜ ያህል ሲበልጥ ነው። ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሮ መጠጣት ጀርም ይገድል ይሆናል፣ እሱን ግን አይነካውም። ቢፈላም እንፋሎቱ እዚያው ጎጆ ውስጥ ይተነፈሳል።

ነዳጁ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው አፈር ነው። ደገኛው የሚያውቀው ዋልካ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ በክረምት አብጦ ይዘጋል። ያ መሰንጠቅና ማበጥ የቧንቧ መጋጠሚያም ይሰብራል። ከስሩ የሰሜኑ ደጋ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ። ውሃ የሚሄደው በዓለቱ ስንጥቅና በበሰበሰው ንብርብር ነው። ነዳጅ ከውሃ ስለሚቀል የውሃው ወለል ላይ ሲደርስ ይንሳፈፋል፤ ከውስጡ የሚሟሟው ግን ውሃው ወደሄደበት አብሮ ይሄዳል።

ወዴት? መልሱን የሚሰጠው የክትትል ጉድጓድ ነው። ማንም አይቀዳበትም። አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቧንቧ ሆኖ ታችኛው ክፍሉ በቀጫጭን ስንጥቆች የተበሳ፣ በዙሪያው ጠጠር የተሞላ፣ ከላይ በጭቃ ታሽጎ በቁልፍ የሚዘጋ ነው። ማሸጊያው ከተዘነጋ ጉድጓዱ ራሱ ነዳጁን ወደ ታች የሚያወርድ ቱቦ ይሆናል። ወደ ውስጡ የሚለቀቅ ሜትር አለ፤ ጫፉ አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ ሲነካ ሳያቋርጥ፣ ውሃ ሲነካ ቆረጥ ቆረጥ እያለ ይጮሃል። በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለው ርቀት የተንሳፈፈው ነዳጅ ውፍረት ነው፤ ሆኖም ቧንቧው ውስጥ የሚታየው በዙሪያው አፈር ካለው ስለሚበልጥ እንዳለ አይታመንም።

አንድ ጉድጓድ አቅጣጫ አይናገርም፣ ሦስት ያስፈልጋል። የአንደኛው አፍ ከፍታ 100 ሜትር፣ ውሃው 18 ሜትር ታች ላይ ነው እንበል፤ የውሃው ወለል 82 ሆነ። ሁለተኛው 97 ላይ ሆኖ ውሃው 16 ቢወርድ 81 ነው። ሦስተኛው 99 ላይ ሆኖ 19 ሜትር ተኩል ቢወርድ 79.5። ውሃው ለመሬት ቅርብ የሆነው ሁለተኛው ነው፤ ውሃው ግን የሚያዘነብለው ወደ ሦስተኛው ነው። ስለዚህ “የእኔ ጉድጓድ ከማደያው ሩቅ ነው” የሚለው መጽናኛ ግማሽ መጽናኛ ነው። በታችኛው በኩል ያለ ሩቅ ጉድጓድ በላይኛው በኩል ካለ ቅርብ ጉድጓድ የበለጠ ያሰጋል። እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ የወጣ ጥናት በአብዛኞቹ ማደያዎች የተሟሟው ብክለት ከ80 ሜትር ገደማ እንደማይዘል አገኘ፤ ባክቴሪያ ስለሚበላው። ያ ግን በአብዛኛው በአሸዋና በደለል ላይ ነው። በዓለት ስንጥቅ ቁጥሩን ማመን አልደፍርም። እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ሞኒካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 ቤንዚን ውስጥ በሚጨመር ሌላ ኬሚካል ምክንያት ዋና ዋና ጉድጓዶቿን ዘግታ ከመጠጥ ውሃዋ ግማሽ ያህሉን አጥታለች።

ከዚያ ቀጥሎ የሰፈሩ ጉድጓዶች ናሙና ይወሰዳል። እዚህ ላይ ጥንቃቄው የሚያስገርም ነው። 40 ሚሊ ሊትር የምትይዝ የመስታወት ብልቃጥ እስከ አፏ ትሞላለች፣ ክዳኗ ይጠበቃል፣ ተገልብጣ በጣት ትመታለች። አንዲት አረፋ ከታየች ትደፋለች፤ ሞክሼው ተንኖ አረፋዋ ውስጥ ይገባል። ብልቃጧ በበረዶ ሳጥን ሆና ላቦራቶሪ ደርሳ፣ አሲድ ከተጨመረባት እስከ 14 ቀን ውስጥ መመርመር አለባት፤ ከጎንደር አዲስ አበባ ደግሞ በመንገድ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የማጽዳቱን ወጪ በተመለከተ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለው ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ይላል። የበከለው ማን እንደሆነ ለማሳየት ግን የውሃው አቅጣጫ በወረቀት ላይ መስፈር አለበት፤ በአንድ ወቅት ብቻም አይበቃም። በክረምት ወለሉ ሲያሻቅብ ነዳጁ አብሮ ይወጣል፣ በበጋ ሲወርድ አፈሩን እየቀባ ይወርዳል። መስከረም ላይ የተለካው ግንቦትም ይለካል።

ጥሩ መርማሪ ግን መሣሪያውን ከማውረዱ በፊት ጀሪካን ይዘው የመጡትን ያነጋግራል፦ “እማማ፣ ውሃው መሽተት የጀመረው ከክረምቱ በፊት ነው ወይስ ዝናቡ ካባራ በኋላ?”